ተራራ ላይ ለሚደርስ ጥፋት ሒሳቡን ማን ይክፈል?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰሜን ጣሊያን፣ በዶሎማይት ተራሮች ውስጥ የሚገኝ አንድ መንገድ የድንጋይ ናዳ ስላሰጋ ለተጓዦች ተዘግቶ ነበር። መዘጋቱን የሚገልጹ ማስጠንቀቂያዎች በጣሊያንኛም በእንግሊዝኛም ተለጥፈው ሳለ አንድ እንግሊዛዊ ምልክቶቹን አልፎ ወጣ፤ ድንጋይ ከበላዩ መውረድ ሲጀምር ግን ደንግጦ የድረሱልኝ ጥሪ አሰማ። ሁለት ሄሊኮፕተሮችና የምድር ነፍስ አድን ሠራተኞች ተንቀሳቅሰው ሰውየውን በሰላም አወረዱት። ከዚያም የ14,225 ዩሮ ሒሳብ ተላከለት።

ዜናው ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ተራራ የምንወጣ ሰዎች ባለን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በተለጠፈ ጊዜ አብዛኛው ሰው «የእጁን አገኘ» ብሎ አለፈው። እኔም ለሰውየው ብዙ አላዘንኩለትም። ሆኖም ሰውየው ጥፋተኛ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የነፍስ ማዳኑን ሒሳብ እርሱ ይክፈል ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናያቸው ክርክሩ ሁልጊዜ ከንዴት የማያልፍ ይመስለኛል።

የምኖረው በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ ነው። ከቤቴ ደጅ ሆኜ ወደ ምዕራብ ስመለከት የሮኪ ተራሮች ይታዩኛል፤ በግዛቱ ውስጥ ከ14,000 ጫማ፣ ማለትም ከ4,267 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ከ50 የማያንሱ ጫፎች አሉ። እዚህ ተራራ ላይ አደጋ ሲደርስ ፍለጋውን የመምራት ኃላፊነት በሕግ የተጣለው በየአውራጃው ሸሪፍ ላይ ሲሆን፣ ሥራውን በተግባር የሚሠሩት ግን ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መምህራን፣ ነርሶች፣ አናጢዎች፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ናቸው። ጫማቸውንና ጃኬታቸውን አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ገንዘብ ይገዛሉ፤ ነዳጃቸውንም ራሳቸው ይሞላሉ። ላዳኑት ሰው የሒሳብ ወረቀት አይልኩም።

ሥራው ምን እንደሚመስል በኳንደሪ ተራራ ላይ በቅርብ አይቻለሁ። ቁርጭምጭሚቷ የተሰበረ አንዲት ሴት በቃሬዛ እየወረደች ነበር። ቃሬዛው ከሥሩ አንድ ወፍራም ጎማ አለው፤ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሰው ይይዘዋል፤ ቁልቁለቱ ሲበረታ ደግሞ ከኋላ ሌሎች ሰዎች በገመድ ወጥረው ያዘገዩታል። ድንጋዩ ልቅ ስለሆነ ጎማው በየእርምጃው ይሰነቀራል፣ ያን ጊዜም ስድስቱም በአንድ ትእዛዝ አንስተው ያሳልፉታል። ጥቂት እንደተጓዙ ሌሎች ስድስት ይተኳቸዋል። አንድ ቃሬዛ አንድ ማይል ለማውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለአንድ ሰው ሃያ ያህል ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ፊት ከነበሩት ተሸካሚዎች አንዱ የመሥሪያ ቤት መታወቂያው ከአንገቱ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ጥሪው የደረሰው ሥራ ላይ ሳለ መሆኑ ግልጽ ነው። ሴትዮዋ ይቅርታ መጠየቋን አላቋረጠችም፤ እነርሱም ስለ ልጆቿና ስለ መጣችበት ከተማ እየጠየቁ ወሬዋን ወደ ሌላ ይመልሱት ነበር።

እንዲህ ያለውን ካዩ በኋላ «ሒሳቡን ግዴለሹ ይክፈል» የሚለውን አስተያየት ማጣጣል ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በጎ ፈቃደኛ ይሁን እንጂ ሥራው ነፃ አይደለም። ገመድ ያልቃል፣ መኪና ይበላሻል፣ ሥልጠና ገንዘብ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ ሌሊት አየር ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ቀን የሚተኛው ጎረቤቴ በሕይወቱ ተራራ ወጥቶ አያውቅም፣ ሊወጣም አያስብም። ለመዝናናት የሄደ ሰው በቁምጣና በአንዲት የውኃ ጠርሙስ አራት ሺህ ሜትር ላይ ወጥቶ ለሚገባበት ጣጣ ከእርሱ ግብር ለምን ይቆረጣል? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የማይወስድ ሰው ስለ ጉዳዩ ባይናገር ይሻላል።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ግን ግዴለሹን ከጥንቁቁ የሚለየው ማን ነው? ጥቅምት 2021 በኮሎራዶ ከፍተኛው ተራራ በኤልበርት ላይ አንድ ተጓዥ መንገድ ጠፍቶት አደረ። ነፍስ አድን ቡድኑ ሌሊቱን ሲፈልገው፣ ሲደውልለትም ቆየ፤ እርሱ ግን ቁጥሩን ስለማያውቀው ስልኩን አላነሳም። በማግሥቱ ጠዋት በራሱ እግር ወረደ፤ እንደተፈለገም አላወቀም ነበር። (የማያውቀውን ቁጥር የማያነሳ ሐበሻ በሙሉ ይህን ታሪክ ሲሰማ ትንሽ ደንገጥ ሊል ይገባል።) ሰውየው የድረሱልኝ ጥሪ አላሰማም፤ ታዲያ ይህን ቸልተኝነት እንበለው?

ከዚያ የሚከብደው የሻቫኖ ተራራ ጉዳይ ነው። ነሐሴ 2024 የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች በቡድን ሆነው ወደዚህ ተራራ ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ለብቻው ጫፍ ሲደርስ ሌሎቹ ቀድመውት ወርደዋል፤ ሲወርዱም በድንጋያማው ቁልቁለት ላይ መንገዱን ለማመልከት የተቀመጡትን ዕቃዎች ሰብስበው ሄደዋል። ሰውየው መንገዱን ሳተ፣ ዝናብና ብርቱ ንፋስ መጣበት፣ ደጋግሞ ወደቀ፤ ሌሊቱን እዚያው አድሮ በማግሥቱ በሕይወት ተገኘ። ሒሳብ ይላክ ከተባለ ለማን ይላካል? ብቻውን ወደ ጫፍ ለቀጠለው? ጥለውት ለወረዱት? ወይስ ጉዞውን ላዘጋጀው መሥሪያ ቤት? ጠበቃ ያለው ሁሉ የየራሱን መልስ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ መልስም ከነገሩ በኋላ የመጣ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሁሉም ሰው አደጋው ካለፈ በኋላ አስተዋይ ነው።

ይህን ፍርድ በሕግ አስፍራ የምትሠራበት ግዛት ኒው ሃምፕሻየር ናት። በዚያ ግዛት ለነፍስ አድን ሥራ የሚከፍሉት በመጀመሪያ በ«ግዴለሽነት» አደጋ ላይ የወደቁ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ሕጉ ተሻሽሎ ማንኛውም «ቸልተኛ» የሆነ ሰው እንዲከፍል ተደረገ። ግዴለሽ የሚባለው አደጋውን እያወቀ የሚገባበት ነው፤ ቸልተኛ የሚባለው ግን አስተዋይ ሰው ያደርገው የነበረውን ጥንቃቄ ያጓደለ ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ጥቂት ፊደል ሲሆን በተራራ ላይ ግን ሰፊ ነው። በሚያዝያ 2009 አንድ የ17 ዓመት ልጅ በዋሽንግተን ተራራ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለውና በአቋራጭ ልውረድ ብሎ ከመንገድ ወጣ፤ በረዶው እየቀለጠ የሞላው ጅረት መመለሻ አሳጣውና ሦስት ሌሊት አደረ። ራሱን በሕይወት ለማቆየት ባሳየው ብልሃት ሲሞገስ ከቆየ በኋላ ከ25,000 ዶላር በላይ ሒሳብ መጣበት። ሌላ ከሚሺጋን የመጣ ሰው ደግሞ ደጋግሞ የወለቀ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ እያለው ብቻውን በመጥፎ አየር ተጉዞ ዳሌው ተራራው ላይ ወለቀበት፤ በ2015 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ9,000 ዶላር በላይ እንዲከፍል የተወሰነበትን ፍርድ አጸናው።

በሁለተኛው ሰው ላይ የተሰጠውን ፍርድ መቃወም ይከብደኛል። የመጀመሪያው ግን እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም፤ የተጎዳ የ17 ዓመት ልጅ አቋራጭ መንገድ ቢፈልግ ዕድሜው ያመጣው ስሕተት ነው፣ በቤተሰብ ላይ የመኪና ዋጋ የሚያህል ዕዳ ሊያስከትል አይገባውም። አንድ አንቀጽ ለሁለቱም መዋሉ ሕጉ ምን ያህል ጅምላ እንደሆነ ያሳያል። ግዛቲቱ ራሷ ከጊዜ በኋላ መውጫ አበጅታለች፤ ከ2015 ጀምሮ በዓመት 25 ዶላር ከፍሎ የተራራ ካርድ የያዘ ሰው ቸልተኛ ቢሆን እንኳ ወጪው አይጠየቅም፤ ግዴለሽ ሆኖ ከተገኘ ግን ካርዱ አያድነውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሒሳቡ በሰው አእምሮ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። እግሩ የተጎዳ ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ ሊደውል ሲል «ሺዎች ዶላር ያስከፍሉኛል» የሚል ሐሳብ ቢመጣበት ስልኩን መልሶ ኪሱ ይከትና ልሞክር ይላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲጨልም ይደውላል። በብርሃን አራት ሰዎች ሊጨርሱት ይችሉ የነበረው ሥራ አሁን በጨለማ፣ በብርድ፣ በአርባ ሰው የሚሠራ ይሆናል። ነፍስ አድን ሠራተኞቹ ራሳቸው ሒሳብ መላክን አጥብቀው የሚቃወሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የኮሎራዶው ማኅበርም፣ በ1959 የተመሠረተው የአሜሪካ የተራራ ነፍስ አድን ማኅበርም አቋማቸው ይኸው ነው። ሸክሙን የሚሸከሙት ሰዎች «አታስከፍሉልን» እያሉ እኛ ከሶፋ ላይ «አስከፍሉላቸው» ማለታችን ትንሽ ያስገርማል።

ደግሞስ ዋናው ዋጋ በገንዘብ ይከፈላል? በግንቦት 2002 በኦሪገን፣ በሁድ ተራራ ላይ ዘጠኝ ተራራ ወጪዎች በበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ወድቀው ሦስቱ ሞቱ። የተጎዱትን ለማንሳት የመጣው የአየር ኃይል ተጠባባቂ ሄሊኮፕተር በካሜራ ፊት ተራራው ላይ ወድቆ ተንከባለለ፤ ሠራተኞቹ በተአምር ተረፉ። ኦሪገን ከጥንቃቄ ጉድለት የተነሣ ፍለጋ ላስነሣ ሰው የምታስከፍለው ከፍተኛው መጠን 500 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ሄሊኮፕተሩን እንደማይተካ ሕጉን ያወጡት ሰዎችም ያውቁታል።

ፈረንሳዮች ወደ ነፃ አገልግሎት የደረሱት መራራ ትምህርት ቀስመው ነው። በታኅሣሥ 1956 መጨረሻ ቪንሰንዶን የተባለ ፈረንሳዊና ኦንሪ የተባለ ቤልጄማዊ፣ ሁለቱም ወጣቶች፣ በሞንብላን ላይ በማዕበል ተያዙ። ሻሞኒ ከተማ ሆነው ሰዎች በመነጽር ሲያዩዋቸው ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያዝ ሳይለይ ቀናት አለፉ። ለማዳን የበረረው ሄሊኮፕተር አጠገባቸው ወደቀ፤ አብራሪዎቹና አዳኞቹ ሲወጡ ሁለቱ ወጣቶች በተሰበረው ሄሊኮፕተር ውስጥ ቀሩ። አስከሬናቸው የተነሳው በመጋቢት ነበር። ያኔም «በክረምት ማን ውጡ አላቸው?» ያለ ሰው አልጠፋም። ሆኖም አገሪቱ በ1958 የተራራ ነፍስ ማዳንን የመንግሥት ኃላፊነት አደረገችው፤ በዚያው ዓመት የጀንደርሜሪው (የወታደራዊ ፖሊሱ) ልዩ ቡድን በሻሞኒ ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም በተራራው ላይ የሚሰጠው አገልግሎት አይከፈልበትም።

ቢሆንም እዚያም ትዕግሥት ያልቃል። በነሐሴ 2022፣ ድርቁ ተራራውን አላልቶ ድንጋይ እንደ ዝናብ በሚወርድበት ሰሞን፣ የሴን ዤርቬ ከንቲባ ዣን ማርክ ፔዬ ወደ ሞንብላን የሚወጣ ሁሉ 15,000 ዩሮ ያስይዝ ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ 10,000ው ለማዳኛ፣ 5,000ው ለቀብር። ሐሳቡ ሥራ ላይ አልዋለም፤ የቀብሩን ሒሳብ ለይተው ማስላታቸው ግን ከንቲባው ምን ያህል እንደተማረሩ ይነግረናል። የጃፓኑም ተመሳሳይ ነው። በሚያዝያ 2025፣ የፉጂ ተራራ ለመውጫ ክፍት ባልሆነበት ወቅት፣ አንድ ቻይናዊ ተማሪ በሄሊኮፕተር ከዳነ ከአራት ቀን በኋላ የረሳውን ስልኩን ሊያመጣ ተመልሶ ወጥቶ ለሁለተኛ ጊዜ አዳኝ ተጠራለት። በተራራው ሥር ያለችው የፉጂኖሚያ ከተማ ከንቲባ እንዲህ ያሉት ራሳቸው ይክፈሉ ቢሉ አልፈርድባቸውም።

ታዲያ ከየት ይምጣ? በእኔ አስተያየት ሒሳቡ ከአደጋው በኋላ ከአንድ ሰው ሳይሆን ከአደጋው በፊት ከሁላችንም፣ ማለትም ተራራ ከምንወጣው፣ መምጣት አለበት። ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት ብዙ አያደክምም፤ እድር ነው። እድርተኛ በየወሩ ይከፍላል፣ ሐዘን ቤት ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፤ ሟቹ ጠጥቶ ሲነዳ ነው ወይ የሞተው ብሎ ድንኳን የሚከለክል የእድር ዳኛ የለም። ስዊዘርላንድ በ1952 በተመሠረተው፣ ሬጋ በተባለው የአየር ነፍስ አድን ድርጅት የምትሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው በዓመት ጥቂት አሥር ፍራንክ ያዋጣል፤ ያዋጣ ሰው ሲወድቅ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን ወጪ ድርጅቱ ሊተውለት ይችላል፤ ያላዋጣ ይከፍላል። የስሎቫኪያም ነፍስ አድን ተቋም ከ2006 ጀምሮ ስለሚያስከፍል ሰው አስቀድሞ ኢንሹራንስ ይገባል፤ ድንበሩን ተሻግሮ በፖላንድ በኩል ያለው ግን በነፃ ነው። የሪሲ ተራራ ጫፍ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ስለተቀመጠ በየትኛው በኩል እንደወደቅክ የሚወስነው ነገር ቀላል አይደለም።

ኮሎራዶም ወደዚያው እያዘገመች ነው። ዓሣ ለማጥመድና ለማደን ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ከከፈለው ላይ ትንሽ ሳንቲም ለነፍስ አድን ፈንድ ይሄዳል፤ ፈቃድ የማያወጣ ተጓዥ ደግሞ በጥቂት ዶላር ካርድ መግዛት ይችላል። ከ2023 ጀምሮ መኪና ሲመዘገብ የፓርክ መግቢያ (ሲጀመር 29 ዶላር ነበር) አብሮ ይካተታል፤ የማይፈልግ መተው ይችላል፤ ከሚሰበሰበው ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ለነፍስ አድን ቡድኖች ይመደባል። ታክሲ ነጂው ጎረቤቴ አልፈልግም ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ እኔ እከፍላለሁ። ለእርሱ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ኢንሹራንስ ብቻውን ግን መላ አይደለም፤ የኔፓል ነገር ይህን አሳይቷል። በኤቨረስት አካባቢ ሄሊኮፕተር በተጠራ ቁጥር ከውጭ አገር ኢንሹራንስ ገንዘብ የሚገባ ሲሆን፣ አንዳንድ አስጎብኚዎች ትንሽ ራስ ምታት የያዘውን ሁሉ «ትሞታለህ» እያሉ ማስወረድ ጀመሩ፤ በ2018 በወጣው መረጃ እንግዳን ለማሳመም ምግብ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ የጨመሩ መኖራቸው ሁሉ ተነገረ። ማዳን ትርፍ የሚያስገኝ ንግድ ሲሆን የሚድነው ሰው ይበዛል። ስለዚህ መዋጮው ለቡድኑ ዝግጅት እንጂ ለእያንዳንዱ ጥሪ በቁጥር የሚከፈል ባይሆን እመርጣለሁ።

ምልክቱን አልፎ የወጣው እንግሊዛዊስ? ይቀጣ። ቅጣቱ ግን የተዘጋ መንገድ ስለገባ እንጂ ስለዳነ አይሁን፤ ሳይጠራ በእግሩ ቢወርድም ይቀጣ፤ መጠኑም ሄሊኮፕተሩ በበረረበት ደቂቃ አይለካ። አሜሪካኖች በአላስካ፣ በዴናሊ ተራራ ላይ እንዲህ አድርገዋል። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ለነፍስ ማዳን አያስከፍልም፤ በ2021 ግን አንድ ሐኪም በሐሰት መረጃ ሄሊኮፕተር ለማስመጣት ሞክሯል ተብሎ ተከሰሰ፤ በመጨረሻም ገንዘብ ተቀጣ፣ ተራራውንም ለአምስት ዓመት እንዳይወጣ ታገደ። ተራራ ለሚወድ ሰው እገዳው ከገንዘቡ ይልቅ ይከብደዋል ብዬ እገምታለሁ።

በአገራችን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወደ ራስ ዳሸን የሚሄድ እንግዳ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ ስካውት ይዞ ነው የሚገባው። ብዙ እንግዶች ጠመንጃ የያዘ ሰው ለምን እንደሚከተላቸው ባይገባቸውም፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አብሮ መኖሩ ራሱ አስቀድሞ የተከፈለ ነፍስ ማዳኛ ነው። አደጋ ከደረሰ ግን የሚጠበቀው በቅሎና በአካባቢው ገበሬ ትከሻ ላይ የሚሄድ ቃሬዛ ነው፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ሒሳቡ ለማን ይሁን ብለን ብንከራከር ለተሸካሚዎቹ ምን ይከፈላቸው ከሚለው መጀመር ይሻላል።

አዲስ የመጣ ጣጣም አለ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ አንዳንድ ስልኮች ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት እርዳታ ይጠራሉ፤ ባለቤቱ ክፉኛ የተጋጨ ሲመስላቸውም ራሳቸው ይደውላሉ። በዚያ ክረምት በኮሎራዶ የበረዶ መንሸራተቻ ቦታዎች የወደቀው ሰው በሰላም ተነሥቶ ሲሄድ ስልኩ ግን 911 እየደወለ የድንገተኛ ጥሪ ተቀባዮችን ሲያስጨንቅ ከርሟል። ስልክ በሰው ፈንታ ሲጠራ ቸልተኛው ማን ነው የሚለውን ለጊዜው ለጠበቆች ትቼዋለሁ።

ለኮሎራዶ ተጓዦች አንድ ማሳሰቢያ፦ ካርዱ ኢንሹራንስ አይደለም። ተራራ ላይ ፈልጎ ማግኘቱና በቃሬዛ ማውረዱ በነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ አምቡላንስ ወይም የሕክምና ሄሊኮፕተር ግን እንደ ማንኛውም ሕክምና ያስከፍላል፣ የሄሊኮፕተሩም ሒሳብ በአሥር ሺዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል። የጤና ኢንሹራንሳችሁ ይህን ይሸፍን እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትንም ሰዓት ቤት ለሚቀር ሰው ጽፋችሁ ተዉለት።